ፎቶው የማያሳየው፣ ሻጩ የማይጽፈው፦ የአሮጌ ብስክሌቶች የኢንተርኔት ገበያ ዳሰሳ

ሃምሳ ዓመት ያለፈው የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ብስክሌት ዛሬ ባለቤት ሲቀይር፣ ሻጭና ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት አይገናኙም። ሻጩ ብስክሌቱን ከጋራዥ አውጥቶ ግድግዳ ያስደግፈዋል፣ ጥቂት ፎቶ ያነሳል፣ ሦስት መስመር ይጽፋል። ገዢው ሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ሌላ አህጉር ሆኖ ያንኑ ፎቶ ስልኩ ላይ እያሰፋ እያጠበበ ያያል፤ ከዚያ ገንዘቡን ይልካል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው እነዚያን ሦስት መስመሮች ነው። ምን ይጻፍባቸዋል? ምን ይዘለልባቸዋል? የተዘለለውን ገዢ እንዴት ሊደርስበት ይችላል? ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ገበያ ዓይን ያወጣ አጭበርባሪ አለ፤ ስለ እሱም ወደ ታች እመለስበታለሁ። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ዝም የሚለው ሰው ነው እላለሁ። ጉድለቱን እያወቀ ያልጻፈ፣ ወይም ቢፈትሽ እንደሚያገኘው ጠርጥሮ ሳይፈትሽ የተወ ሻጭ ማለቴ ነው። «ስለ ብስክሌት ብዙም አላውቅም፣ እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚለው ቃል በእነዚህ ማስታወቂያዎች ላይ እጅግ ይደጋገማል። ከልቡ የሚለው አለ፤ የሚሸሸግበትም አለ። ከውጭ ሆኖ ሁለቱን መለየት ደግሞ አይቻልም፤ የችግሩ ሥር ይኸው ነው።

ገበያው በዚህ መልኩ ከተስፋፋ ከሠላሳ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ቀድሞ አሮጌ ብስክሌት የሚሸጠው በሰፈር ጥገና ቤት፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ወይም ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት የመለዋወጫ ገበያ ነበር። ገዢው ጎማውን አሽከርክሮ፣ ፍሬኑን ጨብጦ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ዳብሶ ነበር ዋጋ የሚጠራው። በ1995 ፒየር ኦሚዲያር በኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገጽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ክሬግ ኒውማርክ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ክሬግስሊስትን ጀመረ። ፌስቡክ በ2016 ማርኬትፕሌስን ሲያመጣ፣ በየቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ ብስክሌት ሁሉ ለሽያጭ የቀረበ ያህል ሆነ።

ፍላጎቱን ያናረው ደግሞ ሌላ ነው። በ1997 ጣሊያን ውስጥ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው «ሌሮይካ» የተሰኘ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጀ። ከዓላማዎቹ አንዱ የቱስካኒን ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ከአስፋልት ማዳን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት 92 ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ጋላቢዎቹ በሺዎች ይቆጠራሉ፣ ጉዞውም በሌሎች አገሮች አምሳያዎችን አፍርቷል። ደንቡ ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የነበረውን ሥሪት እንዲይዝ ያስገድዳል፦ የማርሽ መቀየሪያው እጀታ በፍሬሙ ዝቅተኛ ቱቦ ላይ መሆን አለበት፣ የፍሬኑ ገመድ ከማኑብሪዮው ውጭ መታየት አለበት፣ ፔዳሉም የእግር ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። አንድ ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ሊጣል የነበረ ብረት በዚህ ምክንያት ዋጋ አወጣ። ዋጋ ሲወጣም ፈተና ይከተላል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ መርምሮ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መታለልን ስለሚፈራ ለሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዓይነቱ ጥናት ነው። ሐሳቡ ለአሮጌ ብስክሌት ይሠራል፤ ነገር ግን እዚህ አንድ ውስብስብ ነገር ይጨመራል። ብስክሌቱ በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ አምስትና ስድስት እጅ አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩም የማያውቀው ብዙ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ አዋቂው ገዢው ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ብረቱ ራሱ ልናገር፤ ሐቀኝነት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነውና።

ከድብቅ ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ከውጭ ፈጽሞ የማይታየው ነው፦ የተጣበቀ የመቀመጫ ዘንግ። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬም ብረት ነው፤ ዘንጉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ብረቶች ላብና የዝናብ ውኃ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የሚወጣውም ዝገት ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ዘንጉን ቱቦው ውስጥ ቆልፎ ይይዘዋል። ለዓመታት ሳይነቀልና ሳይቀባ የኖረ ዘንግ አንዳንዴ በምንም ኃይል አይነቃነቅም። ያኔ ባለሙያው ወይ ዘንጉን ቆርጦ የቀረውን በመጋዝ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ወይም አሉሚኒየም በሚያሟሟ ኮስቲክ ሶዳ ያስወግደዋል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፣ ፍሬሙንም ሊያበላሽ ይችላል። የማኑብሪዮው አንገትም በዚሁ መንገድ ይጣበቃል። በፎቶ ግን ብስክሌቱ እንከን የለውም። ሻጩ አንድ ብሎን አላልቶ መቀመጫውን ግራና ቀኝ ለማዞር ቢሞክር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ያን ግማሽ ደቂቃ የማይሰጥ ሻጭ «አላውቅም» ሲል፣ እኔ አለማወቁን የመረጠ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛው የግጭት ጠባሳ ነው። ብስክሌት ፊት ለፊት ከተጋጨ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ይጎብጣል፤ ግጭቱ ከባድ ከሆነ ዝቅተኛው ቱቦ ከአንገቱ መጋጠሚያ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በሆዱ በኩል ይጨማደዳል። በዓይን ላይታይ ይችላል፤ በጣት ግን ይዳሰሳል። ከሩቅ ያለ ገዢ ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላል። አንደኛው ብስክሌቱን ከጎን፣ ካሜራው በትክክል በመካከሉ ሆኖ የተነሳ ፎቶ ነው። የሹካው የላይኛው ክፍል ከፍሬሙ አንገት ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት፤ መስመሩ ከተሰበረ ወይም የፊት ጎማው ወደ ዝቅተኛው ቱቦ ከልክ በላይ ከተጠጋ የሆነ ነገር ደርሷል። ሁለተኛው የዚያ ቱቦ ሆድ ከቅርብ፣ ብርሃን ከጎን እየመጣበት የተነሳ ፎቶ ነው። የጎበጠ የብረት ሹካ ጥሩ ባለሙያ ያቃናዋል፤ የተጨማደደ ቱቦ ግን በአዲስ መለወጥ አለበት፣ ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጣል።

በቅርቡ የተቀባ ቀለምም መጠርጠር አለበት። ቀለም ማደስ ነውር አይደለም፤ ግን ስንጥቅን፣ የተሞላ ስርጉድ ቦታንና የኋለኛ ዘመን ብየዳን እኩል ይሸፍናል። ታማኝ ሻጭ ከመቀባቱ በፊት የነበረውን ፎቶ ያኖራል። በግራ በኩል ብቻ የተነሳ ብስክሌትም ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል፤ ካቴናውም ጥርሳማው ክብም የማርሽ መቀየሪያውም ያሉት በቀኝ ነው። በዘይት ጨርቅ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ቀለም ዘይቱ ሲደርቅ ወደ ትክክለኛ መልኩ ይመለሳል። የጎማ ላስቲክም በፎቶ ተነፍቶ ቆሞ ይታያል እንጂ መሰንጠቁና መድረቁ አይታይም፤ ይህ ግን በርካሽ የሚተካ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም።

የመለኪያ ጉዳይ ከሐሰት ጋር ባይቆጠርም ገዢን ያስለቅሳል። የድሮ የፈረንሳይ ብስክሌት፣ ለምሳሌ አሮጌ ፔዦ፣ የማኑብሪዮው አንገት ውፍረት 22 ሚሊሜትር ነው፤ የሌላው ዓለም 22.2 ነው። ልዩነቱ ከፀጉር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን የሌላው አይገባም። የፔዳሉ ማዕከል የሚታሰርበት የብሎን ጥርስም በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በእንግሊዝ ሥሪት ይለያያል፤ የኖቲንግሃሙ ራሌ ደግሞ ከአገሩም ተለይቶ የራሱ ጥርስ ነበረው። የድሮው 27 ኢንች ቸርኬ ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር ሲሆን ከዘመናዊው 622 ጋር ጎማ አይለዋወጥም። ሻጩ የአንዱን ዕቃ ለሌላው በመዶሻ አስገብቶ ከሆነ ግን ያ መነገር ያለበት ጉድለት ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ የሚመጣው የማንነት ጥያቄ ነው። ብስክሌቱ ነኝ የሚለውን ነውን? እዚህ ላይ ሐሰቱ የበለጠ ስውር፣ ገንዘቡም የበለጠ ነው።

የእንግሊዙ ሬይኖልድስ ኩባንያ «531» የተባለውን የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ቱቦ በ1935 አወጣ፤ ለአርባ ዓመት ያህል የጥሩ ፍሬም መለያ ሆኖ ቆየ። በጣሊያን በኩል በ1919 በሚላን የተመሠረተው ኮሎምቡስ አለ። የሁለቱም ምልክት በፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ዛሬ ያ ወረቀት ተመስሎ ታትሞ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ በቅንነት ቀለም ለሚያድሱ ሰዎች የሚጠቅም ዕቃ ነው፣ ተራ ፍሬም ላይ ለጥፎ በሦስት እጥፍ ለሚሸጥም እንዲሁ። እውነተኛው ወረቀት እንኳ በጥንቃቄ ይነበባል። የሬይኖልድስ ጽሑፍ አንዳንዱ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ ከ531 መሠራታቸውን ይናገራል፤ ሌላው ሹካውንና የኋላ እግሮቹንም ይጨምራል። ሻጩ «ሙሉ 531» ብሎ ሲጽፍ ወረቀቱ ግን ሌላ ሲል ብዙ ጊዜ ይታያል።

ወረቀት ሲዋሽ ብረት የሚመሰክርበት መንገድ አለ። በእነዚህ ዋና ዋና የቱቦ ዓይነቶች የተሠራ ጥሩ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ 27.2 ሚሊሜትር የመቀመጫ ዘንግ ይይዛል፤ የቱቦው ግድግዳ ስስ በመሆኑ ነው። ዘንጉ ላይ 26 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ከተገኘ ቱቦው ወፍራምና ተራ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ ፍሬሞች መለኪያቸው ስለሚለይ ይህ ፍርድ አይመለከታቸውም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የነበሩት የተሻሉት የኮሎምቡስ ሹካዎች ደግሞ የላይኛው ቱቦ ሲፈታ በውስጡ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የተጠማዘዙ መስመሮች ይታዩበታል። ይህን በወረቀት ማስመሰል አይቻልም።

ዕድሜም በብረት ላይ ተጽፏል። ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ባለሦስት ማርሽ ሞዞውን ሲሠራ ዓመቱንና ወሩን በሞዞው ላይ ይቀርጽ ነበር። የጣሊያኑ ዕቃ አምራች የካምፓኞሎ «ኑኦቮ ሪኮርድ» የኋላ ማርሽ መቀየሪያ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ይዞ ይገኛል። የጃፓኑ ሺማኖ ከ1976 ጀምሮ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጠቀም ነበር፦ የመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለተኛው ወር። በፊደል ተራው ስምንተኛው በመጀመሪያ ከመጣ 1983 ነው፤ አምስተኛው ከተከተለው ግንቦት። የአሜሪካው ሽዊንም ከ1965 አንስቶ በፍሬም ቁጥሩ ውስጥ ወሩንና ዓመቱን በፊደል ያመለክት ነበር። እንዲህ ያለውን እውቀት ለሕዝብ በነጻ ካከፋፈሉት ሰዎች ማሳቹሴትስ የነበረው መካኒክ ሼልደን ብራውን በቀዳሚነት ይነሳል፤ በ2008 ካረፈ በኋላም ጽሑፎቹ ይነበባሉ። እንግሊዝ ውስጥ በ1955 የተቋቋመው የአሮጌ ብስክሌቶች ክበብም የብስክሌትን ዕድሜ ለመወሰን ይረዳል። ዕቃዎቹ የተለያየ ዓመት ይዘው ቢገኙ ወዲያው ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ ብስክሌት የሥራ መሣሪያ ነበር፣ የተሰበረው ይተካ ነበር። ሐሰት የሚሆነው ሻጩ «ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ምንም ያልተነካ» ብሎ ከጻፈ ነው።

ስም ብቻውን ደግሞ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ቢያንኪ ከ1885 ጀምሮ የሚላን ስም ነው፤ ሆኖም በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡ ብዙ ቢያንኪዎች ጃፓን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ራሌ የኖቲንግሃም ነው፤ ከ1982 ጀምሮ ግን በአሜሪካ የስሙን የመጠቀም ፈቃድ የያዘው ሃፊ የተባለ ኩባንያ ነበር። የጃፓኖቹ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ብስክሌቶች ናቸው፣ እንዲያውም እኔ ከአንዳንድ የጣሊያን ሥራ አስበልጣቸዋለሁ። «የጣሊያን እጅ ሥራ» ተብለው መሸጣቸው ነው ስህተቱ። ሽዊን ከ1949 እስከ 1959 ያመረተውን «ብላክ ፋንተም» መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በ1995 እንደገና አምርቶታል። ያ ቅጂ ዛሬ ራሱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አርጅቷል፣ ዝጓል። ሁለቱን ያልለየ ገዢ የአባትየውን ዋጋ ለልጁ ይከፍላል።

እስከዚህ የተናገርኩት የገንዘብ ጉዳት ነው። አካል የሚጎዳ ዝምታም አለ። በ1970ዎቹ የተሸጠው የእንግሊዙ ቫይካውንት ብስክሌት የአሉሚኒየም ሹካው እየተሰበረ ሰው ስለጣለ፣ ኩባንያውን የያዘው ያማሃ ሹካዎቹ እንዲመለሱ ጥሪ አድርጎ ነበር። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ «የሞት ሹካ» ይሉታል። የፈረንሳዩ አቫ የማኑብሪዮ አንገትም በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም ከብስክሌቱ ጋር ይሸጣሉ፣ አንዳንዴም «ኦሪጅናል» መሆናቸው እንደ ክብር ይጠቀሳል። ለመስቀያ ጌጥ የሚገዛ ገዢ ችግር የለበትም፤ ቁልቁለት ሊወርድበት የሚገዛ ግን ማወቅ አለበት። ይህን እያወቀ የሚደብቅ ሻጭ ዋጋ እያሳመረ አይደለም፤ የሰው ሕይወት እያስያዘ ነው።

አሁን ወደ ገዢው። መበለት የባሏን ብስክሌት ለማስወገድ ብላ በሃምሳ ፓውንድ ታቀርበዋለች። ፎቶው ላይ የካምፓኞሎ ዕቃ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ የሚያውቅ ሰው አሥርና ሃያ እጥፍ እንደሚያወጣ ያያል። ምን ያድርግ? በሰብሳቢዎች መካከል ይህ ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። አንዱ ወገን እውቀት ድካም የጠየቀ ሀብት ነው፣ ዋጋውን የቆረጠችው እሷ ናት ይላል። ይህ ክርክር ሻጭና ገዢ ሁለቱም ነጋዴ ሲሆኑ ይዋጥልኛል። ነገር ግን ሻጯ «ይህ ምን ያህል ያወጣል ይላሉ?» ብላ ከጠየቀች በኋላ አሳንሶ መንገር ሐሰት ነው፤ የሻጭ ዝምታ የሚወገዝ ከሆነ የገዢም ይወገዛል። በገበያው ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ትክክለኛውን ዋጋ ነግረው፣ ከትርፋቸው አካፍለው ይገዛሉ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ስማቸው ቀጣዩን ብስክሌት ያመጣላቸዋል።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1956 ሜልቦርን፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ የእሽቅድምድም ብስክሌት በቤቱ ያለው ቤተሰብ፣ ከውጭ አገር በስልክ ለሚመጣ የመጀመሪያ ዋጋ «እሺ» ከማለቱ በፊት ተመሳሳዩ ብስክሌት በትክክል በስንት እንደተሸጠ ያስመርምር። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ በጣም ይለያያሉ። ኢቤይ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ለይቶ ያሳያል፤ ሰው የተመኘውን ሳይሆን የተከፈለውን ማየት ይገባል።

የዝምታውን ችግር የገበያ ገጾቹ በስም ለመፍታት ሞክረዋል። ኢቤይ ገና በ1996 ሻጭና ገዢ እርስ በርስ አስተያየት የሚሰጣጡበትን መንገድ ከፈተ። ተመራማሪው ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተመሳሳይ የሆኑ አሮጌ ፖስትካርዶችን በታወቀ ሻጭና በአዲስ ስሞች ሸጠው፣ ገዢዎች ለታወቀው 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን አግኝተዋል። ስለዚህ መልካም ስም ገንዘብ ነው። ቀደም ባለ ጥናት ግን ሬዝኒክና ሪቻርድ ዜክሃውዘር አስተያየት የሰጡት ገዢዎች ግማሽ ያህል ብቻ እንደሆኑ፣ ከተሰጠውም ከ99 በመቶ በላይ ምስጋና እንደሆነ አሳይተዋል። ሁሉም ሰው መቶ ከመቶ ሲያገኝ ነጥቡ ብዙም አይናገርም። ከምክንያቶቹ አንዱ የበቀል ፍርሃት ነበር፤ ገዢ ቅሬታ ሲጽፍ ሻጭ መልሶ ይጽፍበታል። ኢቤይ በ2008 ሻጮች ስለ ገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፉ ከለከለ። ያኔ ደግሞ ሻጮች አቤት አሉ፤ ጥሩ ዕቃ ወስዶ አሮጌ ዕቃ ቀይሮ የሚመልስ ገዢም አለና። ሻጭ ከመላኩ በፊት የፍሬም ቁጥሩንና ዋና ዋና ዕቃዎቹን ፎቶ አንስቶ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

ዓይን ያወጣው ማጭበርበር ብዙ ትንታኔ አይጠይቅም። ከሌላ ማስታወቂያ የተሰረቀ ፎቶ፣ ከገበያው በግማሽ የረከሰ ዋጋ፣ «ውጭ አገር ነኝ፣ ማጓጓዣ ድርጅት ያመጣልዎታል» የሚል ሻጭ፣ ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሱልኝ የሚል ገዢ። ፎቶውን በኢንተርኔት መልሶ መፈለግና ሻጩን የዛሬው ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አዲስ ፎቶ መጠየቅ አብዛኛውን ያጋልጣል። በፔይፓል ለጓደኛና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ የተከፈለ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም፤ ሻጭ በዚያ እንዲላክለት የሚወተውት ከሆነ መተው ይሻላል።

የስርቆት ዕቃ ጉዳይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። በ2008 ቶሮንቶ ውስጥ ፖሊስ አንድ የአሮጌ ብስክሌት ሱቅ ባለቤትን ሲይዝ በየመጋዘኑ ያገኘው ብስክሌት ወደ 3,000 ይጠጋ ነበር። ከሱቁ የገዛ ሁሉ ሌባ አልነበረም፤ አልጠየቀም እንጂ። ዛሬ መጠየቅ ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2013 የተመሠረተው ባይክ ኢንዴክስ በነጻ ቁጥር የሚመዘገብበትና የተሰረቀ ብስክሌት የሚፈለግበት መዝገብ ነው። ቁጥሩን ለመስጠት እምቢ ያለ ሻጭ፣ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ ፍሬም ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር ንግግሩ እዚያ ማብቃት አለበት።

ሕጉስ? በእንግሊዝ የ1979ኙ የዕቃ ሽያጭ ሕግ ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ሻጭን በሁለት ነገር ይይዘዋል፦ የመሸጥ መብት ሊኖረው ይገባል፣ ዕቃውም ከገለጻው ጋር መስማማት አለበት። የጥራት ግዴታው የተጣለው በነጋዴ ላይ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ግለሰቡ «የመቀመጫ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል» ብሎ ከዋሸ ይጠየቃል፣ ስለ ዘንጉ ምንም ካልጻፈ ግን ገዢው ብዙ የሚይዘው ነገር የለም። ሕጉ ብዙ የጻፈን ሐቀኛ ለተጠያቂነት ያጋልጣል፣ ዝም ያለውን ያሳርፋል። የእኛ የ1960 (በእኛ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም.) የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ለገዢ ይበልጥ ይራራል። ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢም ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ነገር ግን በቴሌግራም የተገናኙ፣ ሙሉ ስማቸውን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለአንድ ብስክሌት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ማሰብ ይከብዳል።

ቴሌግራምን ካነሳሁ አይቀር፣ በአገራችን ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ሁለት ልማዶች እጅግ ያሳዝኑኛል። አንዱ ዋጋን ደብቆ «በውስጥ መስመር ያናግሩኝ» ማለት ነው፤ ዋጋው እንደ ጠያቂው ማንነት እንዲለዋወጥ በር ይከፍታል። ሌላው ዕቃው ሳይታይ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ተብሎ የሚጠየቅ ቀብድ ነው። ብስክሌት በአንድ ከተማ ውስጥ ሲሸጥ ሄዶ ማየት ይቻላልና፣ ሳያዩ ቀብድ መላክ የሚያስገድድ ምክንያት አላገኘሁም። በውጭ ያለው ወገን፣ በዋሽንግተን በክሬግስሊስት ቢገዛም ሆነ በእስራኤል ያድ ሽታይም በተባለው የማስታወቂያ ገጽ ቢገዛ፣ ሄዶ የማየት መብቱን ይጠቀምበት። ከፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ወይም ሰው በሚበዛበት ስፍራ በቀን መገናኘት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ወደ ሻጮች ዞሬ ላብቃ። ጥሩ ማስታወቂያ ረጅም መሆን የለበትም። የቀኝ ጎኑ ሙሉ ፎቶ፣ የአንገቱ መጋጠሚያ ከቅርብ፣ የፍሬም ቁጥሩ፣ የምታውቁት ታሪክ፣ የተቀየሩት ዕቃዎች፣ የሚታወቀው ጉድለት በቂ ናቸው። ጉድለትን መጻፍ ዋጋ ይቀንሳል ብሎ የሚፈራ ይኖራል፤ በእርግጥም ከዚያ ብስክሌት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ መልካም ስም ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብስክሌት ልትሸጡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ማስታወቂያውን ከመልቀቃችሁ በፊት የመቀመጫውን ብሎን አላልታችሁ ዘንጉን አዙሩት፣ ጣታችሁን በዝቅተኛው ቱቦ ሆድ ላይ አሳልፉ፣ ያገኛችሁትንም እንዳገኛችሁት ጻፉ።